የጫካው ወሰን፣ የጃፓን ገንዘብና የጅማ ቡና፦ የበለቴ ጌራ ጉዳይ

ጅማ ለውጭ ፕሮጀክት እንግዳ አይደለችም። የእርሻ ቴክኒክ ትምህርት ቤቱ በ1952 ሲከፈት ከኦክላሆማ ጋር በተደረገ ትብብር ነበር። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ውሎቹም ጥናቶቹም በዚያ ስለሆኑ።) ከዚያ ወዲህ የመጣውና የሄደው ብዙ ነው። የከተማው ሰው ሥርዓቱን በቃሉ ይዞታል። መጀመሪያ በሩ ላይ ዓርማ የተለጠፈበት መኪና ይመጣል። ቀጥሎ ሥልጠና፣ አበል፣ ቲሸርት። በመጨረሻ የርክክብ ስብሰባ ይደረግና መኪናው ወደ አዲስ አበባ ይመለሳል።

ስለዚህ "ፕሮጀክት መጣ" ሲባል እዚህ ማንም ከወንበሩ አይነሳም። የበለቴ ጌራው የደን ጥበቃ ጉዳይ ግን ጊዜ ሰጥቶ ማየት የሚገባው ነው። ገንዘቡ ከጃፓን መጣ። ስምምነቱ በሁለት መንግሥታት መካከል ተደረገ። ለእኔ ግን ዋናውን ሥራ የሠራው ጫካ ዳር ያሉ ገበሬዎች የፈረሙት ውል ነው። የቀረው ነገር፣ የቡናው ምስክር ወረቀትም ገበያውም፣ በዚያ ውል ላይ የተደረበ ነው። የተደረበውም ብዙ ጊዜ ተንሸራቷል።

ጫካው የማን ነው?

በለቴና ጌራ ሁለት ደኖች ናቸው። በለቴ ከጅማ ወደ ቦንጋ ሲወጣ በሸቤ ሶምቦ በኩል ነው። ጌራ ደግሞ በአጋሮ በኩል ታልፎ ይደረስበታል። በመንግሥት መዝገብ ተደምረው አንድ ትኩረት የሚሰጠው ደን ተብለው ተይዘዋል። ስፋቱ 150 ሺህ ሄክታር ገደማ ነው። ውስጡ ቀረሮ አለ፣ ዋንዛ አለ። ከሥራቸው ደግሞ ማንም ያልተከለው ቡና አለ። አረቢካ ቡና በተፈጥሮው ከሚበቅልባቸው የደቡብ ምዕራብ ደኖች አንዱ ይኸው ነው።

ገበሬው ይህን ቡና ከአባቱ ተቀብሎ ይለቅማል። ከዚህ ዛፍ እስከዚያ ጅረት የእገሌ ነው የሚባል ልማድ አለ፤ ጎረቤትም ያከብረዋል። ሕጉ ግን ሌላ ነው። ከ1975ቱ አዋጅ ጀምሮ መሬት የግለሰብ አይደለም። በደርግ ጊዜ ደግሞ ደኑ ተከለለና ዘበኛ ቆመበት። እንግዲህ ቡናው በልማድ የእኔ፣ ዛፉ በሕግ የመንግሥት ሆነ ማለት ነው።

ይህ ዓይነቱ ነገር ምን እንደሚያመጣ ለማወቅ ኢኮኖሚስት መሆን አያስፈልግም። ዛፉ የእኔ ካልሆነ ነገ ሌላው ይቆርጠዋል። ሌላው ከሚቆርጠው እኔ ልቅደም። ዘበኛው አንድ፣ ጫካው ማለቂያ የለውም። በ1991 መንግሥት ሲለወጥ በብዙ የአገራችን ክፍል የተከለለ ደን የተጨፈጨፈውም ለዚህ ነው። ጠባቂው ሲሄድ የሚጠብቅበት ምክንያት ያለው ሰው አልቀረም።

በእግር የተዞረ ወሰን

ጃይካ፣ የጃፓን ዓለም አቀፍ ትብብር ኤጀንሲ፣ በ2003 ከኦሮሚያ ክልል ጋር ሆኖ አሳታፊ የደን አስተዳደር የሚባለውን ሥራ እዚህ ጀመረ። ሐሳቡ የጃፓን ፈጠራ አይደለም። ሌሎች ድርጅቶችም በቦንጋም በሌላም ቦታ ሞክረውታል። ገበሬዎች በማኅበር ይደራጃሉ። ማኅበሩ ዋቡብ ይባላል፣ ከኦሮምኛ ስሙ አጥሮ የተወሰደ ነው። ማኅበሩ ከመንግሥት ጋር ውል ይፈራረማል። ደኑን ይጠብቃል፣ በልዋጩ የመጠቀም መብት ያገኛል።

በወረቀት ላይ ሦስት መስመር ነው። መሬት ላይ ሲወርድ ግን ጣጣው ብዙ ነው። ከሁሉ የሚከብደው ወሰን መለየቱ ነው። እርሻው የት ያልቃል፣ ደኑ ከየት ይጀምራል? ይህን ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ መወሰን አይቻልም። ገበሬው፣ ሽማግሌው፣ የቀበሌው ሰውና የደን ባለሙያው አብረው በእግር መዞር አለባቸው።

አንድ ሰው አምና ጫካውን ገፍቶ በቆሎ ዘርቷል እንበል። ወሰኑ በቆሎውን ከእርሻ ወገን ካደረገው መመንጠር ተሸለመ ማለት ነው። ያልመነጠረው ጎረቤቱ "እኔ ሞኝ ነበርኩ" ይላል። በቆሎውን ከደን ወገን ካደረገው ደግሞ የሰውየው ልጆች ምን ይበላሉ? ይህ ክርክር ዛፍ ሥር ቁጭ ተብሎ፣ ቡና ተፈልቶ፣ አንዳንዴም ተኮራርፎ የሚያልቅ ነው። ዲፕሎማሲ ሲባል ረጅም ጠረጴዛና ባንዲራ የሚታየው ሰው ይህንን ቢያይ ጥሩ ነበር። እዚህም ተደራዳሪ አለ፣ ሸምጋይ አለ፣ እርስ በርስ የማይተማመኑ ወገኖች አሉ። ልዩነቱ ተደራዳሪው ነገም ከዚያው ሰው ጋር አንድ ምንጭ ውኃ የሚቀዳ መሆኑ ነው።

ወሰኑ ከተለየ በኋላ ውሉ ይመጣል። አባላት ቡናውን፣ ማሩን፣ ኮረሪማውን መሰብሰብ ይችላሉ። አዲስ እርሻ መክፈት ግን ክልክል ነው፣ ጫካ ውስጥ አዲስ ቤት መቀለስም እንዲሁ። ደኑ የመንግሥት መሆኑ አልተለወጠም። የተለወጠው፣ ገበሬው ሌላውን ሰው "ተው፣ ይህ የማኅበራችን ነው" የሚልበት ወረቀት ማግኘቱ ነው።

ሳይዘጋ እንቁረጥ

አሁን ወደምወደው ክፍል መጣን። የምወደው ደስ ስለሚል አይደለም፤ የሪፖርት ሰዎች ሊደብቁት የሚቃጡት ዓይነት እውነት ስለሆነ ነው።

ሁለት ጃፓናውያን ተመራማሪዎች፣ ታካሃሺና ቶዶ፣ የደኑን ስፋት በሳተላይት ምስል ተከታተሉ። በ2012 በወጣው ጥናታቸው ማኅበሩ ከመቋቋሙ ቀደም ብሎ ባለው አንድ ዓመት ደኑ ከወትሮው በባሰ ሁኔታ ቀነሰ። "ሊከለከል ነው" የሚል ወሬ ሲነፍስ ሰው መጥረቢያውን ያነሳ ይመስላል። እነሱም የገመቱት ይህንኑ ነው። ሥራው ገና ሳይጀምር ጉዳት አስከተለ ማለት ነው።

ከተቋቋመ በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ማኅበር ባለባቸው መንደሮች በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት የደኑ ስፋት በአማካይ 1.5 በመቶ ጨመረ። ማኅበር በሌለባቸው 3.3 በመቶ ቀነሰ። ልዩነቱ 4.8 በመቶ ነው። ጭማሪው በአብዛኛው ከእርሻ ዳር ያሉ ክፍት ቦታዎች ቁጥቋጦና ዛፍ መልሰው ስላወጡ ሳይሆን አይቀርም። ያንን መሬት ዘንድሮ ማንም አላረሰውም፣ ስለዚህ በቀለ። ተአምር የለበትም።

እኔ ከዚህ የምወስደው ነገር ቢኖር ስለ ጊዜ ነው። "ልናደራጃችሁ ነው" ተብሎ ስብሰባ ከተጠራበት ቀን እስከ ፊርማው ያለው ጊዜ በረዘመ ቁጥር መጥረቢያው ይሠራል። የፕሮጀክት ሰዎች ይህን ጊዜ "የግንዛቤ ማስጨበጫ" ይሉታል። ጫካው ግን የሚያውቀው በሌላ ስም ይመስለኛል።

ምስክር ወረቀቱ

ጥበቃ ብቻውን አያበላም። ሁለተኛው ምዕራፍ በ2006 ሲጀምር ትኩረቱ ወደ ገቢ ዞረ። አንደኛው መንገድ የገበሬ የመስክ ትምህርት ቤት ነበር። ገበሬዎች በቡድን ሆነው መደብ ላይ እየሞከሩ፣ እያነጻጸሩ ይማራሉ። ሁለተኛው መንገድ ቡናው ነው። በ2007 የደን ቡናው የሬይንፎረስት አሊያንስ ምስክር ወረቀት አገኘ። ይህ ድርጅት አሜሪካ የተመሠረተ ነው፣ ዓርማው እንቁራሪት ናት። እንቁራሪቷ ያለችበት ቡና በቶኪዮ መደርደሪያ ላይ ከሌላው ትንሽ ይወደዳል።

ለገበሬው የሚመጣው ትርጉም ግን በቶኪዮ ሳይሆን በማድረቂያ አልጋው ላይ ነው። የጅማ አካባቢ ቡና በብዛት ጀንፈል ነው፣ ማለትም ከነገለፈቱ የሚደርቅ። በልማድ ሰው ቀዩንም አረንጓዴውንም አንድ ላይ ይመለምላል። ሌባ ይቀድመኛል ብሎ ይፈራል፤ ደግሞ ሁለትና ሦስት ጊዜ ጫካ መመላለስ ጉልበት ነው። የለቀመውን መሬት ላይ ያሰጣል። አፈር ይነካዋል፣ ዶሮ ይሄድበታል፣ ማታ ጤዛ ይወርድበታል። ይህ ቡና ሲቀመስ የአፈር ጣዕም አለው። በዓለም ገበያ የጅማን ስም ያስጠራው "ጅማ 5" የሚባለው ርካሽ ደረጃ መሆኑ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱ ግን ከቡናው ዘር አይደለም፣ ከዚህ አያያዝ ነው።

አዲሱ ሥርዓት ቀዩን ብቻ ልቀም አለ። ከመሬት ከፍ ያለ አልጋ ሥራ፣ በየሰዓቱ አገላብጥ፣ ማታ ሸፍን። ጀንፈሉ በእጅ ሲንቀጫቀጥና ፍሬው ውስጡ ሲንኳኳ ደርቋል። ኬሚካል አትርጭ፣ ጥላ ዛፉን አትቁረጥ። የቡናውን ቦታ ጫካውን ገፍተህ ካሰፋህ ምስክር ወረቀቱ ይነሳል። በልዋጩ ቡናው ከተራው ከ15 እስከ 20 በመቶ በሚበልጥ ዋጋ ይሸጥ ነበር።

ጥሩ ገንዘብ ነው። ግን ልብ በሉ፣ ገዢ ሲኖር ነው።

2008

በዚያ ዓመት ሁለት ነገር ተከታትሎ መጣ።

የመጀመሪያው ከራሷ ከጃፓን ነው። ጃፓን ከ2006 ጀምሮ በምግብ ላይ የሚገኝ የፀረ ተባይ ቅሪትን በተመለከተ በጣም ጠበቅ ያለ ደንብ አላት። የተለየ ገደብ ላልተሰጠው ኬሚካል የሚፈቀደው በኪሎ 0.01 ሚሊ ግራም ብቻ ነው። በ2008 ከኢትዮጵያ በሄደ ቡና ላይ ከገደቡ ያለፈ ቅሪት ተገኘ። ጃፓን ከቡናችን ትልልቅ ገዢዎች አንዷ ነበረች፤ ግዢው ተሽመደመደ። የእኛ ገበሬ ግን ቡናው ላይ የሚረጨው ነገር የለውም፣ የጫካው ገበሬማ ጭራሽ። ዋናው ጥርጣሬ በመጨረሻ ያረፈው በጆንያው ላይ ነው። ቡናው ንጹሕ፣ ዕቃው የተበከለ። ሁለቱ አገሮች በባለሙያና በናሙና ሲመላለሱ ቆይተው ንግዱ ቀስ በቀስ ተመለሰ።

እዚህ ላይ ያለውን ምፀት ተመልከቱ። የጃፓን መንግሥት አንዱ እጅ ጌራ ውስጥ "ያለ ኬሚካል የበቀለ ቡና ሽጡልን" ይላል። ሌላው እጅ ወደብ ላይ ቡናውን ይመልሳል። ማንም አልዋሸም። የዕርዳታው መሥሪያ ቤት ሌላ፣ የምግብ ቁጥጥሩ ሌላ ነው። አንድ አገር ሲባል አንድ ሐሳብ ያለው የሚመስለን ሰዎች ብዙ ነን።

ሁለተኛው ከቤት ነው። በዚያው ዓመት መጨረሻ ቡና በኢትዮጵያ ምርት ገበያ በኩል መሸጥ ጀመረ። የምርት ገበያው ለገበሬው የዋጋ መረጃ ሰጥቷል፣ የክፍያ መጓተትን ቀንሷል፤ ይህ አይካድም። ግን ቡናው መጋዘን ሲገባ በአካባቢና በደረጃ ይመደባል። ከዚያ በኋላ የጌራው ጫካ ቡና ከሌላው ጀንፈል ጋር አንድ ክምር ነው። ምስክር ወረቀት ደግሞ ዋጋ የሚኖረው ቡናው ከየትኛው ጫካ እንደመጣ እስከ ሲኒው ድረስ ሲታወቅ ነው። ከምርት ገበያው ውጭ በቀጥታ ወደ ውጭ መላክ የተፈቀደው ለኅብረት ሥራ ዩኒየኖችና ለራሳቸው ምርት ላኪ ለሆኑ ትልልቅ እርሻዎች ነበር። ዋቡብ ደግሞ የደን ማኅበር ነው። ዛፍ እንዲጠብቅ ተቋቋመ እንጂ ቡና ነጋዴ እንዲሆን አልነበረም። ነገሩ የላላው በ2017 አዲስ የቡና ግብይት አዋጅ ከወጣ ወዲህ ነው።

1.7

ታዲያ ምስክር ወረቀቱ ለደኑ ምን አደረገ? እነዚያው ተመራማሪዎች የ2005ንና የ2010ን ምስል አነጻጸሩ። ምስክር ወረቀት ያለው የቡና ጫካ፣ ቡና ከሌለበት ጫካ ይልቅ የመመንጠር ዕድሉ በ1.7 መቶኛ ነጥብ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ምስክር ወረቀት የሌለው የቡና ጫካ ግን ቡና ከሌለበት ጫካ የተለየ አልነበረም።

1.7 ሲሉት ትንሽ ይመስላል። ለሪፖርት ሽፋን የሚሆን ቁጥር አይደለም። ግን ሁለተኛው ግኝት ነው ለእኔ ጆሮ የሚይዘው። "ቡና ያለበት ጫካ ራሱን ይጠብቃል፣ ገበሬው ቡናውን ስለሚወድ ዛፉን አይቆርጥም" ሲባል ስንሰማ ነው ያደግነው። መረጃው እንደዚያ አይልም። ቡናው ብቻውን አልጠበቀም። ቡናው ከዋጋና ከቁጥጥር ጋር ሲሆን ነው የጠበቀው።

ሌላም ጉድለት አለ። የሳተላይት ምስል ከላይ አረንጓዴ ካየ "ደን" ይላል። ከሥር ግን ገበሬው ቡናው ብርሃን እንዲያገኝ ቁጥቋጦውን ይመነጥራል፣ ችግኙን ያጸዳል። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተሳተፉባቸው ጥናቶች የቡና አያያዝ በጠነከረ ቁጥር የዛፉ ዓይነትና ግንድ ላይ የሚበቅለው ኦርኪድ እንደሚቀንስ አሳይተዋል። ዛሬ ጥላ የሚሰጠው ቀረሮ ሲያረጅ የሚተካው ችግኝ አምና ከቡናው ጋር ታርሟል። ይህን ምስክር ወረቀቱ በደንብ አይዘውም።

ከገበሬዎቹም መካከል የቀረ አለ። ጫካ ውስጥ ቡና ያለው ሰው ከዋጋው ተጠቀመ። ቡና የሌለው፣ በከሰልና በማገዶ የሚኖረው፣ ወይም ቆይቶ የመጣው ሰፋሪ፣ ከክልከላው እንጂ ከጭማሪው ብዙም አልደረሰውም። ውሉ ሁለቱንም እኩል ያስራል። ማኅበር ውስጥ ጠብ ሲነሳ አብዛኛውን ጊዜ መነሻው እዚህ ጋ ነው ብል አልተሳሳትኩም።

አሁን ደግሞ ብራስልስ

ጃይካ በ2014 ተመልሶ እስከ 2020 ሌላ ዙር ሠራ። በዚህ ጊዜ የደን ቡናው ከካርቦን ጉዳይ፣ ሬድ ፕላስ ከሚባለው፣ ማለትም ደን ባለመመንጠሩ ለቀነሰ የካርቦን ልቀት ከሚከፈልበት አሠራር ጋር ተያይዞ ነበር። ስለዚያ ብዙ ማለት አልፈልግም። የካርቦን ገንዘብ ብዙ ስብሰባ ያለው፣ ዘግይቶ የሚደርስ ገንዘብ ነው።

አሁን ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ አውሮፓ ሕግ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 ባወጣው ደንብ፣ ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 በኋላ ደን ተመንጥሮ የተመረተ ቡና ገበያው ውስጥ አይገባም። እያንዳንዱ ማሳ በካርታ ላይ መታየት አለበት። ከ4 ሄክታር በላይ ከሆነ ዙሪያው ይሳላል፣ ካነሰ አንድ ነጥብ ይበቃል። ተግባራዊነቱ ለ2024 መጨረሻ ታስቦ አንድ ዓመት ተገፋ፣ ከዚያም እንደገና ወደ 2026 መጨረሻ ተራዘመ። አውሮፓ የቡናችን ትልቅ ገበያ ስለሆነ ጉዳዩ ቀልድ አይደለም።

ችግሩ ትርጉም ላይ ይጀምራል። በኢትዮጵያ መለኪያ ደን የሚባለው ዛፉ ቢያንስ 2 ሜትር ቁመት ኖሮት ጥላው መሬቱን 20 በመቶ ሲሸፍን ነው። በአውሮፓው ደንብ ከ5 ሜትር የበለጠ ቁመትና ከ10 በመቶ የበለጠ ጥላ ነው። ሁለቱም ቢያንስ ግማሽ ሄክታር ይላሉ። የአውሮፓው ደንብ በዋናነት ለእርሻ የሚውልን መሬት፣ ዛፍ ቢኖረውም፣ ከደን አይቆጥርም። እንግዲህ የጌራው ገበሬ 30 ሜትር ቁመት ባለው ዛፍ ሥር የሚለቅመው ቡና ማሳ ነው ወይስ ጫካ? ማሳ ከተባለ ከመቼ ጀምሮ ማሳ ሆነ? ከ2020 በኋላ ከተባለ ወንጀለኛ ነው። ሳተላይቷ ከላይ ስታይ ሁለቱን አትለይም።

ወሰኑ በእግር የተዞረበት ወረቀት ግን ይለያል። ማን፣ መቼ፣ ከየት እስከ የት ቡና የመልቀም መብት እንደነበረው ከ2020 በፊት በተጻፈ ቀን ይናገራል። ከአውሮፓ ጋር የሚነጋገሩት የቡናና ሻይ ባለሥልጣን ሰዎች የስልክ መተግበሪያ ይዘው ማሳ ለማሳ ነጥብ ከመሰብሰባቸው ጎን ለጎን፣ እነዚህን ውሎች ከየወረዳው አሰባስበው ቢያቀርቡ ጥሩ ማስረጃ ይሆናቸዋል። ያረጁት ይታደሱ፣ የጠፉት ማኅበሩ እጅ ካለው ቅጂ ይገልበጡ። ለአዲስ ካርታ የሚወጣው ወጪ መጨረሻ ላይ ከገበሬው ዋጋ ላይ መቆረጡ አይቀርም። ለዚህኛው ግን ሃያ ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ ተከፍሎበታል።